ከጌታሁን ጀርባ ያለችው መርከብ

ባለፈው ቅዳሜ ከቤኖኒ ወዲህ ባለው ሐይቅ ዳር ቆሜ የቅጥራንና የቃጫ ገመድ ሽታ ተደባልቆ ሲመጣብኝ፣ ጆሃንስበርግ መሆኔን ረስቼ ራሴን ጎንደር፣ እህቴ ቤት ጓዳ ውስጥ አገኘሁት። የእህቴ ባል ጌታሁን ለፈቃድ ሲመጣ ትከሻው ላይ ጥሎት የሚመጣው የሸራ ከረጢት ሲፈታ ልክ እንደዚህ ይሸት ነበር። ቅጥራን፣ ገመድ፣ ትንሽ ናፍጣ፣ ትንሽ ደግሞ ያኔ ስሙን የማላውቀው ነገር። ያ ስሙን የማላውቀው ነገር ባሕር መሆኑን የለየሁት ብዙ ዘመን ቆይቼ ደርባን የሄድሁ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ዕለት ያን ሽታ ያመጣችው ሐይቁ ዳር የቆመች መርከብ ናት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ባሕር ቀኑን ሙሉ ተነድቶ በሚደረስበት ከተማ፣ ከወርቅ ጉድጓድ የወጣ ቢጫ የአፈር ክምር ከኋላዋ ተገትሮ፣ በጥንት መርከብ አምሳል የተሠራች ባለ ሸራ መርከብ በወፋፍራም ግንዶች ተደግፋ ደረቅ መሬት ላይ ቆማለች።

ወሬውን ያመጣው ታምራት ነው። ታምራት የሆሳዕና ሰው ነው፤ ዳቬይተን በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የመንደር ሱቅ አለው፤ ቦርጩ ከመኪናው መሪ ጋር የሚታገል፣ ለማንም ሰው መላ የማያጣ ጎልማሳ። እኔ ከኮሌጅ አስተማሪነቴ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረጅም መንገድ መንዳት ስለማልደፍር ወዲያ ወዲህ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። "ጋሼ፣ ማዘርን ቤት ምን ያስቀምጣቸዋል?" አለኝ። "ሐይቁ ጋ ሺፕ መጥቷል እኮ። በትራክ ቆራርጠው አምጥተው ነው የገጣጠሙት፣ ሹር ነው የምልዎት። ከስተመሮቼ ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው እየሄዱ ነው።" ካልታዘልሁ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆኜ ሳቅሁበት። ሆኖም ማዘር የሚላት ታላቅ እህቴ እታለም ስለሆነች፣ እሷን ደግሞ በዚያ ሰሞን ምንም ነገር ቢያሳዩአት ስለማይበቃት፣ እሺ አልሁት።

እታለም ከጎንደር የመጣችው የዓይኗን ሞራ ልታስገፍፍ ነበር። ሐኪሙ ያገራችን ልጅ ነው፤ እጁን ይባርከው። ፋሻው የተነሣ ዕለት ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ ዙሪያውን ካየች በኋላ እኔ ላይ ስትደርስ፣ "አንተ! እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?" አለችኝ። ሐኪሙ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እንግዲህ የማታየው የለም። የጎረቤቱን ውሻ ታያለች፤ አጥር ላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቆማ ትቆጥራለች፤ መንገዱ ላይ የረገፈውን ሐምራዊ የጃካራንዳ አበባ ላለመርገጥ እየዘለለች ትሄዳለች። በሰባ ምናምን ዓመቷ ዓለም ገና እንደተቀባ ቀለም ሆኖባታል። እኔም በእሷ ምክንያት ስንት ዘመን የኖርሁበትን ሰፈር እንደ አዲስ አየሁት ብል አልዋሸሁም።

ጌታሁን ለፈቃድ ሲመጣ ሰፈራችን ሥራ ይፈታ ነበር። ባሕረኛ ማለት ያኔ ለጎንደር ሰው ከሰማይ የወረደ ፍጡር ነው። ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ፣ ሰማያዊው ኮሌታ ጀርባው ላይ ተኝቶ፣ ክብ ቆቡን ወደ አንድ ቅንድቡ ዘንበል አድርጎ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ሊስትሮዎቹ ሥራቸውን ጥለው ይከተሉታል። ነጭ ጫማ በምን እንደሚጠረግ ማወቅ ፈልገው ነው። በጠመኔ ነበር የሚያነጣው፤ እኔ ምስጢሩን አውቅ ስለነበር ከትምህርት ቤት ጠመኔ እየሰረቅሁ አመጣለት ነበር። በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉት ሰፊዎች ቀና ብለው ልብሱን በዓይናቸው ይለኩታል፤ በሳምንቱ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ሰማያዊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ አሰፍቶ ይታያል። ማታ ማታ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ያለችው ሻይ ቤት ይወስደኛል። ስሙኒ ይዞ የገባ ሰው ሻይ ጠጥቶ ቦምቦሊኖ በልቶ ይወጣ ነበር። ዛሬ እዚህ ሞል ውስጥ ለአንድ ስኒ ማኪያቶ የምከፍለው ያኔ ሙክት ባይገዛ ከሙክቱ እግር አያንስም፤ ማኪያቶውም ማኪያቶ ቢሆን ምን ነበር። ከሻይ ቤቱ ጎን ሙዚቃ ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አውጥቶ አንድ የናፍቆት ካሴት ከጧት እስከ ማታ እያገላበጠ ያዘፍናል። ጌታሁን ያን ዘፈን በፉጨት እየመለሰ ሲሄድ፣ እታለም ከቤት ሆና ፉጨቱን ስትሰማ ጠጉሯን ዳበስ ታደርግ ነበር። አላየኝም ብላ ነው፤ እኔ ግን አያት ነበር።

ለእሷም ያመጣላት ነገር አይጠፋም። አንድ ጊዜ ሽቶ፣ አንድ ጊዜ የሐር ሻሽ፣ አንድ ጊዜ ግን ገመድ ብቻ አመጣላት። አኮረፈች። እሱ ምንም ሳይል ገመዱን ከጽዱ ግንድ እስከ ማድቤቱ ቋሚ ወጥሮ የባሕረኛ ቋጠሮ አስተማራት፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ቢሰጣበት የማይላላ፣ ሲፈልጉ ግን በሁለት ጣት የሚፈታ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እየመጣ ሊማረው ቢሞክር እሷ ብቻ ነች የያዘችው። በሌላ ፈቃድ ደግሞ ፎቶውን ይዞላት መጣ። ወደቡ አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት የተነሣው ነው። ጌታሁን ነጩን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፤ ከጀርባው ሦስት ምሰሶ ያላት፣ ሸራዋ በነፋስ የተወጠረ ትልቅ የእንጨት መርከብ ማዕበሉን እየሰነጠቀች ትመጣለች። እታለም በመስታወት አስገብታ ከአልጋዋ በላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀለችው። የዚያ ዘመን ፎቶ ቤት መቼም የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ የተሣለ መጋረጃ አለው። የእኛ ፒያሳ ፎቶ ቤት መጋረጃ ላይ የነበረው አውሮፕላን ነው። እኔም፣ የንስሐ አባታችንም፣ ጠጅ ቤት ያላት ጎረቤታችንም ከዚያ አውሮፕላን ፊት ቆመን ተነሥተናል፤ ከሦስታችን ባሕር ዳር እንኳ በአውሮፕላን የሄደ አልነበረም።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ዘመኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መዘርዘሩ ምን ይጠቅማል። ወደቡ ተያዘ ተባለ፤ መርከቦቹ ተበተኑ ተባለ። አንዳንዱ የመን ገባ፣ አንዳንዱ ጅቡቲ። አንድ የጌታሁን ባልደረባ በኋላ እንደምንም አገሩ ገብቶ ቤታችን መጣና የጌታሁን መርከብ ስትመታ ከሩቅ አይቻለሁ አለ፤ ሰው ሲወጣ ግን አላየሁም አለ። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ሊያረዱ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሩን አንኳኩ። እታለም በሩ ላይ ቆማ፣ "ሬሳውን ያየ አለ?" አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። "እንግዲያው ግቡና ጠላ ጠጥታችሁ ሂዱ" አለች። ያኔ ልጇን ማሕደርን እርጉዝ ነበረች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ጠጉሯን አልተላጨችም፤ ፍትሐት አልተፈታለትም፤ ተዝካር የሚል ቃል ያነሣባት ሰው ሁለተኛ ደጇን አይረግጥም። እኔ ነገሩን ግትርነት እለው ነበር። እንዲያውም ጥቂት ነካ ያደረጋት ይመስለኝ ነበር፤ ያን ያህል ብርቱ ሴት ምን ይዛ እንደምትጠብቅ አንድ ቀን ተቀምጬ ጠይቄአት አላውቅም።

ማሕደር ዛሬ የራሷ ልጅ አላት። እናቷ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ደወለችልኝ። "አጎቴ፣ ልጄ አፉን ፈትቷል። አያቴ የት ነው ይለኛል። እማዬ ይመጣል ትለዋለች። እኔን እንዲሁ ይመጣል እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ አሁን ደግሞ ልጄን ጀመረችው። ሰው አባቱ ሲሞት ያለቅሳል፤ እኔ አንድ ቀን አባዬ ብዬ አልቅሼ አላውቅም። እሷ ይመጣል እያለች እኔ እንዴት አድርጌ ላልቅስ? እዚያ ሳለች አንተ ንገራት። አንተን ትሰማለች።" እሺ አልኋት። እሺ ማለት ቀላል ነው። እታለም ከመጣች ጀምሮ ጧት ጧት ቁርስ ላይ ነገሩን አፌ ድረስ አምጥቼ ከሻዩ ጋር መልሼ እውጠዋለሁ። መጀመሪያ ዓይኗ ይዳን አልሁ፤ ዓይኗ ዳነ። ለቅሶ አይስማማውም፣ ትንሽ ይጥና አልሁ። አሁን እንግዲህ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ነው ወደ መርከቧ የሄድነው።

ከመኪናው ስትወርድ ያየኋትን ፊት መቼም አልረሳውም። ታምራት በሩን ከፍቶላት እጁን ሲዘረጋላት፣ እጁን ሳትይዝ ቀጥ ብላ ቆመች። ምሰሶዎቹ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጥተው ሰማዩን ይነካሉ። ሸራዎቹ ግማሾቹ ተዘርግተው ግማሾቹ ተጠቅልለዋል፤ ነፋስ ሲመጣ ትልቅ ወፍ ክንፉን እንደሚያራግፍ ድምፅ ያሰማሉ። ሆዷ ጥቁር ነው፣ በቅጥራን ተለቅልቆ ያብረቀርቃል። እኔ ራሴ በፎቶና በፊልም ስንቱን አይቼ፣ እጄን በአፌ ጭኜ ነው የቀረሁት። ሰው በመጋዝና በመዶሻ ይህን ያህል ነገር ይሠራል? ሠርቶስ ደግሞ ወደማያውቀው ውሃ ነድቶት ይገባል? እታለም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ይቺ ናት" አለች።

"ማን?" አልኋት።

"የጌታሁን መርከብ ናታ! አታያትም?"

እንደ ቀልድ ቆጠርሁት። ይቺን ትመስላለች ለማለት ነው ብዬ አለፍሁት። እሷ ግን መወጣጫው ሥር ስትደርስ አማተበች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ሳንቃ ተሳለመች። ታምራት ጴንጤ ነው፣ ትንሽ ደነገጠ። "ማዘር፣ ቸርች እኮ አይደለም" አላት በቀስታ።

"ዝም በል አንተ! ኖኅ የዳነበት ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያንስ ቢሆን በእሷ አምሳል አይዶል?"

ባለ መስመር ካናቴራ ለብሳ ጎብኚ የምታስገባው ልጅ ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀችኝ። አምላክ ሰው ያዳነበት ዕቃ ስለሆነ በጫማ አይገባም እያለች ነው አልኋት። ልጅቷ እታለምን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "ሳውቦና ጎጎ" ብላ በዙሉኛ እንደ አያቷ ሰላም አለቻትና ጫማዎቹን ራሷ አንሥታ ከጥላ ሥር አስቀመጠችላት። ታምራትም ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየና የራሱን አወለቀ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔም አወለቅሁ። የዚያ ዕለት ጎብኚ ሁሉ በባዶ እግራቸው መርከብ የሚወጡ ሦስት ሽማግሌ ሐበሾችን በሞባይሉ ሲያነሣን ዋለ። ታምራት ሽማግሌ አይደለሁም ብሎ ቢቆጣ ይቆጣ።

ላይ ስንወጣ እንጨቱ ፀሐይ ጠጥቶ ይሞቃል። በእግሬ የተሰማኝ ያ ሙቀት አሁንም አለ። ልጅቷ የድሮዎቹ ባሕረኞች በእንዲህ ያለች መርከብ የአፍሪካን ጫፍ እንደዞሩ፣ ካርታቸው የሚያልቅበት ቦታ ከደረሱ በኋላ በኮከብ ብቻ እንደሄዱ ትነግረናለች፤ እኔ ለእታለም አስተረጉማለሁ። ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ማዕዘንና ርቀት ሥራዬ ነበር፤ ግን ያን ሳንቃ ረግጬ ከስሩ ማለቂያ የሌለው ውሃ አለ ብዬ ሳስብ ጠርዙን በሁለት እጄ ያዝሁ። ከውስጥ ስትታይ ትንሽ ናት። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የእኔን ሳሎን ያህል ቢሆን ነው። በዚህች ላይ ነው የሰው ልጅ ዓለምን የዞረው! ታምራት አንገቱን ወደ ምሰሶው ጫፍ ሰቅሎ፣ "ኢሽ! እኔ ኦሬንጅ ፋርም ድረስ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ እንኳ ያዞረኛል" አለ።

እታለም አትሰማንም። ከገመድ ወደ ገመድ እየሄደች በጣቷ ትዳስሳለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ የጠርዙ እንጨት ላይ የተቋጠረውን ቋጠሮ አየችና በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው። ወዲያው ተፈታ። ልጅቷ ጮኸች። እታለም ሳትደነግጥ መልሳ ቋጠረችው፤ እንዲያውም ከቀድሞው አጠበቀችው። ልጅቷ አፏን ከፍታ፣ ጎጎ ይሄን የት ተማሩ አለች። "ባሌ ነው ያስተማረኝ በላት፤ የመርከብ ሰው ነው በላት" አለችኝ። ነው አለች፤ ነበር አላለችም። የማሕደር አደራ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወደ ታች ወረድን። የመርከቧ ሆድ ውስጥ ጨለም ያለ ነው፤ አጥንቷ እንደ በሬ ጎድን ከሁለቱም ወገን እየታጠፈ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ጎድን የአንድ ሙሉ ዛፍ ግንድ ነው። እታለም አንዱን በሁለት እጇ ልታቅፈው ሞከረች፣ እጇ አልገጠመም። ከጎኑ ካለ በርሜል ላይ ተቀመጠችና ዙሪያዋን እያየች ፈገግ አለች። በአዲሱ ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ።

"አየህ፣ ሰው ሁሉ እብድ ነች ይለኛል" አለች። "አንተም እንደዚያው ነህ፣ አውቅሃለሁ። ግን እንጨት አይሰምጥም። ልጅ ሆኜ ጣና ላይ ታንኳ ሲገለበጥ አይቻለሁ፤ ያ ደንገል እንኳ ሰው አልጣለም፣ ባለታንኳው ይዞት ዳር ወጣ። ይህን ሁሉ ግንድ ማን ያሰምጠዋል? ቢመቱትስ ምን ይሆናል? ይሰበራል። ሲሰበር አንዱን ጣውላ ይዞ ካንዱ አገር ይደርሳል። ጌታሁን ዋናተኛ ነው። ፎቶውን ሌሊት ሌሊት እያየሁ ይሄን ነው ሳስብ የኖርሁት፤ ያን ሁሉ እንጨት እያየሁ። አሁን ደግሞ በእጄ ነካሁት። የሱም እንዲህ ያለች ናት፣ አይዶል?"

አዎ ብላት ደስ ብሏት ጎንደር ትገባለች፤ ከሐዘን ነጻ ሆና ትሞታለች። ያ ሁሉ ዓመት የቆመችበት ሳንቃ ምን እንደሆነ ገና ያን ጊዜ ገባኝ። ማሕደር ደግሞ እዚያ አለች፤ ልጇ አያቴ የት ነው ይላታል። ታምራት ነገሩ ባይገባውም መክበዱ ገብቶት መሬት መሬት ያያል።

"እታለም" አልሁ፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። "የጌታሁን መርከብ እንጨት አልነበረችም። ብረት ናት።"

"ምኗ?"

"ሁለመናዋ። የጦር መርከብ ሁሉ ብረት ነው።"

"ፎቶው ላይ ያለችውስ?"

"መጋረጃ ላይ የተሣለች ናት። የእኛ ፎቶ ቤት አውሮፕላን ትዝ ይልሻል?"

አሰበች። አውሮፕላኑን ስታስታውሰው ፊቷ ላይ አየሁት። የተቀመጠችበትን በርሜል፣ ከዚያ የመርከቧን ጎድን በመዳፏ ቀስ ብላ ዳሰሰች።

"ብረት" አለች።

ታምራት አላስቻለውም። "ማዘር፣ ብረትም እኮ ይንሳፈፋል። ደርባን ፖርት ላይ የሚመጡት ሁሉ ብረት ናቸው፣ እውነት ነው የምልዎት።"

"ሲመታስ?" አለችው።

ታምራት ቆቡን አወለቀ። ከላይ የልጆች እግር ሳንቃውን እየደበደበ ያልፋል። እኔ የሠራሁትን ሥራ እያሰብሁ፣ ዓይኗ፣ ዓይኗ፣ ምነው ለቅሶ ይጎዳው እንደሆነ ሐኪሙን በጠየቅሁት ኖሮ እላለሁ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ቀና ብላ፣ "ስልክህን ይዘሃል?" አለችኝ። "ማሕደርን አምጣልኝ። ያቺ ልጅ ጥንቱንም ታውቃለች። ለእኔ ብላ ነው ዝም ያለችው።"

ደወልሁ። ማሕደር ስታነሣ ስልኩን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው።

"ማሕደርዬ፣ እኔ ነኝ። ደኅና ነኝ፤ አጎትሽም ደኅና ነው። ስሚኝ ልጄ፣ መርዶ በጧት ነበር፣ በሽማግሌ ነበር። ይቅር በይኝ፤ በስልክ ሆነብኝ። አባትሽ ሞቷል። ድሮ ነው የሞተ። አልቅሽለት።"

መጀመሪያ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ የማሕደር ድምፅ መጣ፤ የልጅ እናት የሆነች ሴት ድምፅ አይመስልም፣ ገበያ መሀል እጇን የለቀቋት ሕፃን ነው የሚመስለው፤ ከመርከቧ ሆድ እስከ ላይ ድረስ ተሰማ። አባዬ ነበር የምትለው። ታምራት፣ ሟቹን በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው የሆሳዕናው ሰው፣ እግዜር ያጥናዎት ብሎ እታለም እግር ሥር ሳንቃው ላይ ተቀመጠ፤ በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው ቆሞ አይሄድም። ባለ ካናቴራዋ ልጅም ቃል ሳይገባት መወጣጫው አፍ ላይ ቆማ ሰው እንዳይወርድ ከለከለች። እኔ ከሁሉ የገረመኝ እህቴ ናት። እነዚያ በኮከብ ብቻ የሄዱት ባሕረኞች ከእሷ የበለጠ ድፍረት የነበራቸው አይመስለኝም። ማሕደር እዚያ ጎንደር አባዬ፣ አባዬ ባለች ቁጥር፣ እታለም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ፣ "እሰይ ልጄ" ትላት ነበር። "እሰይ። ጥሪው።"